አጨዳ ሲያልቅ ማሳው የማን ነው?

በሰሜን ሸዋ ደጋ አንድ ገበሬ የማሳው ሙሉ ጌታ የሚሆነው ከዘር እስከ አጨዳ ነው። ነዶው ተሰብስቦ አውድማ ከደረሰ በኋላ ማሳው የመንደሩ ከብት ነው። ማንም ማንንም አያስፈቅድም። የጎረቤት በሬ ገለባውን ሲግጥ «ለምን?» የሚል ሰው ቢገኝ ንፉግ ይባላል፤ ነገ የእሱም በሬ በሰው ማሳ መሰማራቱ አይቀርምና። ይህ ያልተጻፈ ሕግ እንደየአካባቢው ከኅዳር እስከ በልግ፣ በልግ በማይዘራበትም እስከ ሰኔ ይሠራል።

አፈርን ስለሚያድስ እርሻ፣ ባለሙያዎቹ «ሪጀነሬቲቭ» ስለሚሉት ግብርና፣ ሲወራ ይህ ሕግ ሲነሳ ብዙም አይሰማም። የሚነሳው ኮምፖስት ነው፣ የቀይ ትል ማዳበሪያ ነው፣ የመኖ ዘር ነው። እኔ ግን ጉዳዩ ከዘሩ ቀድሞ ውሉ ላይ ነው ባይ ነኝ። ይህ እርሻ ከገበሬው የሚጠይቀው ነገር አብዛኛው የሚፈጸመው ማሳው የእሱ ባልሆነባቸው ወራት ነው። አፈሩን ሸፍኖ ማቆየት፣ ሕይወት ያለው ሥር እንዳይታጣበት ማድረግ፣ ተረፈ ምርቱን እዚያው መተው፣ እነዚህ ሁሉ የበጋ ሥራዎች ናቸው። በበጋ ደግሞ ማሳው በር የለውም።

ጉዳዩን አንገብጋቢ ያደረገው ማዳበሪያ ነው። በ2014 ዓ.ም. የዓለም ገበያ ዋጋ ሲንር፣ በ2015 ክረምት መግቢያ ላይ በአማራ ክልል ገበሬው ማዳበሪያ አጣሁ ብሎ አደባባይ ሲወጣ፣ ሐምሌ 2016 ላይ የብር ምንዛሪ ለገበያ ሲለቀቅ፣ አንዱ በሌላው ላይ እየተደራረበ መጥቷል። ድጎማ አለ። ድጎማው ግን ማዳበሪያው በሰዓቱ መድረሱን አያረጋግጥም፤ ሐምሌ አጋማሽ የደረሰ ማዳበሪያ ሰኔ ለተዘራ ገብስ ምን ይጠቅመዋል? ስለዚህ አፈሩ ራሱ ጥቂት እንዲያግዝ ማድረግ ዛሬ የአካባቢ ተቆርቋሪዎች ወሬ ብቻ ሳይሆን የጓዳ ሒሳብ ሆኗል።

ከወይን እርሻ ምን ይገኛል?

ለዚህ ዓይነቱ እርሻ በምሳሌነት ከሚጠቀሱት መካከል የወይን እርሻዎች አሉበት። እንግዳ ይመስላል፤ ምክንያቱ ግን ቀላል ነው። የወይን ተክል አንዴ ከተተከለ ሃያና ሠላሳ ዓመት፣ አንዳንዴም ከዚያ በላይ፣ ከቦታው አይነቃነቅም። ገብስ የሚዘራ ሰው አፈሩ ቢደክምበት በዓመቱ ባቄላ ያስገባበታል። ወይን የተከለ ሰው ግን ማፈራረቅ አይችልም፤ አፈሩን ማከም ያለበት ተክሉ እንደቆመ ነው። የሚያክምበት ቦታ ደግሞ በመደዳዎቹ መካከል ያለው ሁለት ወይም ሦስት ሜትር ክፍት መሬት ነው። ያ መሬት ለብዙ ዘመን በማረሻም በአረም መድኃኒትም እየተጠረገ ራቁቱን ይከርም ነበር። ንጹሕ እርሻ ማለት የተራቆተ እርሻ ነው የሚለው እምነት የእኛ ብቻ አልነበረም ማለት ነው።

አሁን ብዙዎቹ እዚያ ክፍት ቦታ ላይ ባቄላ፣ ጓያ መሰል የመኖ ጥራጥሬ፣ ማገጥ፣ ገብስና አጃ ቀላቅለው ይዘራሉ። የሚዘሩት ለማጨድ አይደለም። ከፍ ሲል አጎንብሰው መሬት ላይ ያስተኙታል፣ ወይም ያጭዱትና እዚያው ይተዉታል፣ ወይም በግ ይለቁበታል። ጥራጥሬው ናይትሮጅን ይተዋል፣ የገብሱ ሥር አፈሩን ያስተነፍሰዋል፣ ከላይ የተኛው ድርቆሽ ፀሐይንና የዝናብን ምት ይቀበላል። ወይኑ ሲጨመቅ የሚተርፈው ቆዳና ዘርም ከፍግ ጋር ተብላልቶ ይመለሳል። ከዳር ደግሞ የፍራፍሬ ዛፍ፣ ቀፎ፣ ዶሮ ይጨምራሉ። ይህ ለጌጥ አይደለም። በረዶ ወይም የቅጠል ሻጋታ በአንድ ሳምንት የዓመቱን ገቢ ሊወስድ ስለሚችል በአንድ ተክል ላይ መንጠልጠል ያስፈራል።

ትብብሩም የመጣው ከዚሁ ፍላጎት ነው። የወይን ባለቤት ባብዛኛው በግ አያረባም፤ የጎረቤት እረኛ ለሁለት ለሦስት ወር መንጋውን ይዞ ይገባለታል። እረኛው ሣር ያገኛል፣ ባለወይኑ ሣር ይታጨድለታል፣ ፍግም ይወድቅለታል። ንብ አናቢው ቀፎውን ያስቀምጣል። ወይን ራሱን በራሱ ስለሚያዳቅል ለፍሬው ንብ አያስፈልገውም፤ ንቧ የምትቀስመው በመካከል የተዘራውን አበባ ነው። ትንንሽ ባለወይኖችም መጭመቂያና ጎተራ በጋራ የሚያስተዳድሩባቸው የኅብረት ሥራ ማኅበራት በፈረንሳይና በጣሊያን ከመቶ ዓመት በላይ ኖረዋል።

የበጉ ነገር ግን ሲቀርቡት ውል ብቻ ሳይሆን ጥንቃቄም አለበት። ወይን ሻጋታ ስለሚበዛበት ከ19ኛው ክፍለ ዘመን መጨረሻ ጀምሮ መዳብ የገባበት መድኃኒት ይረጫል፤ «የቦርዶ ውህድ» የሚባለው የመዳብ ሰልፌትና የኖራ ቅልቅል ነው። ከቤት እንስሳት ሁሉ ደግሞ መዳብን የማይችለው በግ ነው። መዳቡ በጉበቱ ላይ ቀስ እያለ ይጠራቀምና፣ ደህና ሲግጥ የነበረ በግ አንድ ቀን ዓይኑ ቢጫ ሆኖ፣ ሽንቱ ጠቁሮ በድንገት ይሞታል። ስለዚህ መቼ ተረጨ፣ ስንት ጊዜ ተረጨ፣ ዝናብ አጥቦታል ወይ የሚሉት ጥያቄዎች ለእረኛው መነገር አለባቸው። መንጋው ቡቃያው ከመፈንዳቱ በፊት መውጣትም አለበት፤ በግ የወይን እምቡጥ ይወዳል። በጉ ገባ ማለት እንግዲህ ሁለቱ ሰዎች የሚረጩትንና የሚያሰማሩትን ተነጋግረዋል ማለት ነው። ይህን የምጠቅሰው ቲማቲም ላይ መዳብ ያለበት መድኃኒት በሚረጭባቸው የመስኖ ቆላዎቻችንም ያው ጥያቄ ስለሚነሳ ነው።

ሌላም ልዩነት አለ። በአውሮፓ ወይን በብርድ ወራት ቅጠሉን አራግፎ ይተኛል፤ በጉ የሚገባው ያኔ ነው። በእኛ ቆላ ወይን አይተኛም። እንዲያርፍ የሚደረገው ተገርዞና ውኃ ተቀንሶለት ነው፤ ስለዚህም የበጉ መግቢያ ጊዜ ጠባብ ነው። ከውጭ የመጣን ዘዴ እንዳለ መገልበጥ የማያዋጣው በእንዲህ ዓይነት ጥቃቅን ነገሮች ነው።

አገራችን ወይን ታውቃለች። ዝዋይ ላይ በ2000 ዓ.ም. አካባቢ የተተከለው እርሻ በ2006 የመጀመሪያ ጠርሙሶቹን አውጥቷል፤ መርቲና ጉደርም ከዚያ በፊት የቆየ ታሪክ አላቸው። የዝዋዩ እርሻ ዙሪያውን ቦይ ተቆፍሮለታል፤ ጉማሬና ጅብ እንዳይገባ። ባለቦይ ሰው ጎረቤት አያስፈልገውም፤ ኩባንያ ከሆነ የበጋ ግጦሽ ሕግ አይመለከተውም። ሩብ ሄክታር መሬት ያለው የጣርማ በር ገበሬ ግን ዙሪያውን ቦይ ቢቆፍር የሚቀረው መሬት ቦዩ ብቻ ነው።

ከገደሉ አናትና ከገደሉ ሥር

ከደብረ ብርሃን ተነስቶ በጣርማ በር፣ ጣሊያን በወረራው ዘመን በሠራው ዋሻ በኩል፣ ደብረ ሲናን አልፎ ሸዋ ሮቢት መውረድ መቶ ኪሎ ሜትር አይሞላም። ከፍታው ግን ከሦስት ሺህ ሜትር በላይ ካለው ውርጫም አናት አንድ ሺህ ሦስት መቶ ሜትር ገደማ ወዳለው ሙቀት ይወርዳል። ላይ ገብስ፣ ባቄላ፣ በግ፤ ታች ሽንኩርት፣ ቲማቲም፣ ማሾ፣ ማንጎ፣ ፓፓያ። ከላይ የሚታጠበው አፈር በሮቢና በጀውሃ ወንዞች ወርዶ ወደ አዋሽ ይሄዳል፤ መንገድ ላይ ደግሞ የቆላውን የመስኖ ቦይ ይደፍናል። ሁለቱ አካባቢዎች በወንዝ የተሳሰሩ ሆነው ሳለ በስብሰባ ሲገናኙ እምብዛም አይታይም።

ላይኛውን እንይ። በደብረ ብርሃን ዙሪያ በታኅሣሥ የሚያልፍ መንገደኛ በየግቢው ደጃፍ አናቱ የሾለ የኩበት ክምር ያያል። እበቱ በሴቶች እጅ ተጠፍጥፎ በሜዳ ላይ ይደርቃል፣ ይገለበጣል፣ እንደገና ይደርቃል፣ ከዚያ በጥንቃቄ ይከመርና ዝናብ እንዳያስገባ ከላይ በእርጥብ እበት ይለሰናል። ግማሹ እዚያው ይነዳል፣ ግማሹ በአህያ ተጭኖ ከተማ ይሸጣል። ይህ ክምር ማሳው ላይ ያልወደቀ ፍግ ነው። ሲነድ ናይትሮጅኑና አፈሩን የሚያለሰልሰው ነገር ሁሉ ጢስ ሆኖ ይሄዳል፤ አመዱ የሚያስቀረው ጥቂት ማዕድን ብቻ ነው። ኩበት የምትሸጠውን ሴት «ፍግሽን ለመሬትሽ መልሺ» ማለት ቀላል ነው። ምጣዱን በምን ታሞቅ? ለቅዳሜ ገበያ ጨውና በርበሬ በምን ትግዛ? የባሕር ዛፉ ጉዳይ ከዚህ ጋር የተያያዘ ነው። ባሕር ዛፍ ውኃ ይጠጣል ብለን ብናማውም የማገዶ ባሕር ዛፍ ያለው ቤት ኩበቱን ለመሬቱ የማትረፍ ዕድሉ ሰፊ ነው። በሰሜን ሸዋ ስለ አፈር የሚያወራ ሰው ስለ ምድጃ ሳያወራ አይሆንለትም።

እዚያው ደጋ ላይ ከዚህም የከፋ ልማድ ነበረ፤ አሁንም በአንዳንድ ቦታ አለ። የደከመ መሬት አፈሩ ከሣሩ ሥር ጋር እየተገለበጠ ይከመራል፣ ውስጥ ውስጡን ይቃጠላል፣ ከዚያ ይበተንና ገብስ ይዘራበታል። የመጀመሪያው ዓመት ገብስ ግሩም ነው። ሁለተኛው ይቀንሳል። ከዚያ በኋላ መሬቱ ለብዙ ዓመት ካላረፈ ምንም አይሰጥም። ገበሬው ይህን የሚያደርገው አላዋቂ ሆኖ አይደለም፤ ላንድ ዓመት የሚሆን ምርት ለማግኘት የአሥር ዓመቱን አንድ ላይ እየሸጠ መሆኑን ያውቀዋል። መሬት ሰፊ በነበረ ጊዜ ያዋጣ ነበር። ዛሬ የሚያርፍ መሬት የለም።

ከደብረ ሲና በላይ ያለው አንዲት ጥድ ከ1970ዎቹ አጋማሽ ጀምሮ የአፈር ጥበቃ ጥናት ጣቢያ ነው። በስዊዘርላንድ የበርን ዩኒቨርሲቲ ድጋፍ በተጀመረው ፕሮጀክት የዝናቡ መጠን፣ የጎርፉ ፍሰትና የሚታጠበው አፈር በየጊዜው ሲለካ ቆይቷል። እንዲህ ያሉ ጣቢያዎች ያሳዩት ዋና ነገር በቀላሉ ሲነገር ይህ ነው፤ አፈር በብዛት የሚሄደው በዝናቡ ማለቂያ ሳይሆን በመጀመሪያው ላይ፣ ማሳው ደጋግሞ ታርሶ ልል ሆኖ ሳለ፣ ሰብሉ ገና መሬቱን ሳይሸፍን ነው። ከብቱ በበጋ ጠርጎ የጋጠው ማሳ፣ ለጤፍ ወይም ለስንዴ አራትና አምስት ጊዜ የታረሰ ማሳ፣ የሰኔና የሐምሌን ዝናብ የሚቀበለው ልብሱን አውልቆ ነው።

ከ1966ቱ ድርቅ በኋላ በእህል ለሥራ ብዙ እርከን ተሠራ፤ ተራራ ተከለለ። በ1983 መንግሥት ሲለወጥ ብዙው ክልል በሳምንታት ውስጥ ተመነጠረ። ከ2003 ዓ.ም. ወዲህ ደግሞ በየዓመቱ ጥርና የካቲት የተፋሰስ ዘመቻ አለ፤ «ድር ቢያብር አንበሳ ያስር» የሚል ጨርቅ ተሰቅሎ ሕዝቡ እርከን ይሠራል። እርከኑ ጠቅሟል፤ አልክድም። ዘመቻው ሲያልቅ ግን ከብቱ እርከኑ ላይ ይወጣል፤ ያልለማ የእርከን ጫፍ በሁለት ክረምት ይናዳል። ሰው ለማዋጣት ይሰበሰባል፤ ለመታቀብ አይሰበሰብም። ደቦም ወንፈልም ጅጌም የሥራ ውሎች ናቸው፤ ዛሬ አንተ ጋ፣ ነገ እኔ ጋ። አፈርን ማደስ የሚፈልገው ውል ሌላ ዓይነት ነው፤ ወራት የሚፈጅ፣ ማንም ወገቡን የማይሰብርበት፣ ሁሉም ግን ከብቱን የሚያስርበት።

መንዝ ይህን ውል ያውቀዋል

ይህን ዓይነት ውል ፍለጋ ባሕር መሻገር አያስፈልግም። የመንዝ ጓሳ አለ። ከባሕር ጠለል በላይ ከ3,200 ሜትር የሚጀምረው፣ 100 ካሬ ኪሎ ሜትር ገደማ የሚሆነው ይህ ሜዳ ጭላዳና ቀይ ቀበሮ ስለሚኖሩበት በቱሪስት ዘንድ ይታወቃል። ለእኔ ከቀበሮው የሚበልጠው የጥበቃው ታሪክ ነው። ከ17ኛው ክፍለ ዘመን ጀምሮ የአስቦና የጌራ ተወላጆች ጓሳውን በቄሮ ሥርዓት ሲጠብቁት ኖረዋል፤ በስም ከመመሳሰል በቀር ከቅርቡ ዘመን የወጣቶች ንቅናቄ ጋር አይገናኝም። አባ ቄራ የሚባል፣ ሜዳውን የሚያስጠብቅ የተመረጠ ሰው ነበረ። ሜዳው ሦስትም አምስትም ዓመት ይዘጋል፤ ሣሩ ሲበቃ፣ ወይም ድርቅ ሲጠና፣ ተመክሮ ይከፈታል። ሲከፈትም ከብት መቼ ይገባል፣ ሣር መቼ ይታጨዳል የሚለው ሥርዓት ነበረው። በተዘጋበት ጊዜ የገባ ሰው ቅጣቱ ከባድ ነበር። የጓሳ ሣር ለቤት ክዳን፣ ለገመድ፣ ለገሳ የሚሆን ስለነበር መከልከሉም መከፈቱም እያንዳንዱን ቤት ይነካ ነበር።

የካቲት 1967 የገጠር መሬት ሲታወጅ ይህ ሥርዓት ሕጋዊ መሠረቱን አጣ። አዋጁ ገባሩን ነፃ አወጣ፤ ያለ ጥርጥር ትልቅ ነገር ነው። የቄሮ መብትም የትውልድ ሐረግ ስለነበረ ከዘሩ ያልሆነ ጎረቤት ከሜዳው ይገለል ነበርና ፍትሐዊ ነበር ማለት አይቻልም። ሆኖም ከተወላጁ መብት ጋር የመዝጋት ልማዱም አብሮ ተነቀለ። መጠበቁ ሲላላ ጓሳው ተጎዳ። ኋላ ላይ ማኅበረሰቡ ቀበሌዎችን ያካተተ ኮሚቴ አቋቁሞ፣ ከዚያም በክልሉ ሕግ እውቅና አግኝቶ፣ ዛሬ በማኅበረሰብ የሚጠበቅ ክልል ሆኗል። የሚዘጋና የሚከፈት መሬት እንደገና አለ ማለት ነው፤ የዚህኛው ባለመብት ደግሞ ተወላጁ ብቻ ሳይሆን ነዋሪው ነው።

ልብ ማለት የሚያስፈልገው ጓሳ የጋራ መሬት መሆኑን ነው። የኔ ጥያቄ ስለ ግል ማሳ ነው፤ ያ ይከብዳል። ለጋራ መሬት ባለቤቱ ሁሉም ስለሆነ መዝጊያው ቀላል ነው። የግል ማሳን በበጋ መዝጋት ግን ለአንዱ ሰው የሌላውን የቆየ መብት መንሣት ነው። ብዙ መሬት ያለው ሰው ብዙ ገለባ አለው፤ «አስረን እንቀልብ» ሲባል ይስማማል። መሬት የሌለው ወጣት፣ ሦስት በግ ብቻ ያላት መበለት፣ ከብታቸው የሚኖረው በሰው ቃርሚያ ነው። ልቅ ግጦሽ ይቁም ማለት በእነሱ ላይ የሚወድቅ ግብር ነው። ይህ ሳይመለስ የወጣ የቀበሌ ደንብ በወረቀት ላይ ይቀራል፤ ብዙ ቀበሌ የግጦሽ ደንብ አለው፣ የተቀጣ ሰው ግን እምብዛም አይሰማም።

መልስ የሚሆነኝን በከፊል ያየሁት በዚያው በመንዝ ነው። መሐል ሜዳና ሞላሌ ከ2001 ዓ.ም. ጀምሮ ገበሬዎች ከደብረ ብርሃን ግብርና ምርምር ማዕከልና ከዓለም አቀፍ የምርምር ተቋማት ጋር ሆነው የመንዝ በግን በማኅበር ያሻሽላሉ። ጠቦቶች ይመዘገባሉ፣ ኮሚቴ አውራዎቹን ይመርጣል፣ የተመረጠው አውራ በቡድን ይዞራል። ያልተመረጠው ይኮላሻል ወይም ይሸጣል፤ በጋራ ግጦሽ ላይ ካልተኮላሸ ድካሙ ከንቱ ነውና። ይኸው የመታቀብ ውል! ሰው የራሱን አውራ ያኮላሸው የጎረቤቱ አውራ የተሻለ ጠቦት እንደሚሰጠው በዓመቱ ስላየ ነው። እንግዲህ ገበሬው ለመታቀብ እምቢ ባይ አይደለም። ትርፉን ቶሎ ካየና ትርፉ ለሁሉም ከደረሰ ይታቀባል። የአፈር እድሳት ችግሩ ትርፉ ሦስትና አራት ዓመት መቆየቱ፣ ሲመጣም ለባለመሬቱ ብቻ መምጣቱ ነው።

ስለዚህ ከባለመሬቱ ወደ ባለበጉ የሚሻገር ነገር መኖር አለበት። በተከለለው ተራራ ላይ የሚያድገው ሣር ለመሬት አልባዎች በዕጣ ቢሰጥ፣ በእርከን ጫፍ የተተከለው ትሪ ሉሰርን የተባለው የመኖ ዛፍና ደሾ ሣር ታጭዶ የሚሸጥ ቢሆንና መሸጫው ለእነሱ ቢተው፣ ውሉ የሚያቆመው ሁለተኛ እግር ያገኛል። በባሶና ወራና አንዳንድ ተፋሰሶች የመኖ ዛፍና ሣር በእርከን ላይ ሲለማ ታይቷል፤ መኖው አለ። የጎደለው መኖውን ማን ያጭዳል፣ ለማን ይደርሳል የሚለው ነው። አጭዶ ማብላትም ራሱ ሥራ ነው፤ እረኛ የነበረው ልጅ ትምህርት ቤት ይሄዳል ብለን ደስ ሲለን፣ ሣሩን የምትሸከመው እናቱ መሆኗን እንረሳለን።

ኩታ ገጠሙስ?

መንግሥት በትብብር አያምንም ማለት አይቻልም። ሞረትና ጅሩ ላይ ስንዴ፣ ምንጃር ላይ ጤፍ በኩታ ገጠም ይዘራል፤ ገበሬዎች ማሳቸውን አጎራብተው አንድ ዓይነት ዘር፣ አንድ ዓይነት ማዳበሪያ ይጠቀማሉ። ለትራክተርና ለኮምባይነር ይመቻል፣ ለገበያም ይመቻል። ኩታ ገጠምን ሙሉ በሙሉ መንቀፍ አልፈልግም። ነገር ግን አንድነቱ የሚያስገኘው አንድ ዓይነት ሰብል ሲሆን፣ ዋግ በመጣ ጊዜ ሜዳው በሙሉ አብሮ ይታመማል። አፈርን የሚያድሰው ትብብር ደግሞ ተቃራኒውን ይፈልጋል፤ ጎረቤታሞች ተስማምተው የተለያየ ነገር እንዲዘሩ። ይህ ለግብርና ጽሕፈት ቤት ሪፖርት አይመችም፤ «ይህን ያህል ሄክታር ስንዴ» ተብሎ በአንድ መስመር አይጻፍም።

የሚያሳዝነው ጅሩ ራሱ የብልሃት አገር ነው። በእነዋሪ ጥቁር አፈር ላይ ገበሬው፣ ሴቱም ልጁም ሳይቀር፣ ውኃ የሚያጠነፍፍ ሰፊ መደብ በእጁ እየሠራ ስንዴ ሲዘራ የኖረው ለዚህ ሥራ የታሰበ ማረሻ ከመምጣቱ በፊት ነው። ምንጃር ጤፍና ሽምብራ ያፈራርቃል፤ በጥቁር አፈር ላይ ዝናቡ ሲያበቃ በቀረው እርጥበት ሽምብራና ጓያ ይዘራል። ደጋው ባቄላና አተር፣ ስንዴና ገብስ ቀላቅሎ ያውቃል። የወይን እርሻ ባለሙያ በመደዳው መካከል የሚዘራው ድብልቅ ከዚህ የተለየ ጥበብ የለውም። እንዲያውም ሽምብራው በጥቅምትና በኅዳር ማሳው ላይ ስላለ፣ ጎረቤት ከብት እንዳይለቅ የሚያደርገው ትልቁ አጥር እሱ ነው። በበጋ ሰብል ያለበት ማሳ ይከበራል፤ ባዶ ማሳ ነው የማይከበረው።

ከዚህ ተነስቼ መጀመሪያ የት ይሞከር ብባል ታች ሮቢት፣ ቀወትና ኤፍራታ እላለሁ። መስኖ ያለበት መሬት በበጋም ባዶ አይደለም፤ የግጦሹ ልማድ እዚያ ላልቷል። ማንጎና ብርቱካን በመደዳ ቆሟል፤ በመካከሉ ባዶ መሬት አለ፤ በሁለት ወር ተኩል የሚደርሰው ማሾ ጥራጥሬ ነው፣ ገበያም አለው። የወይን እርሻው ቅርጽ፣ ተክሉ ማንጎ ይሁን እንጂ፣ ሳይጠራ እዚያ ቆሟል ማለት ነው። የሽንኩርት ዘር የሚያመርተው ገበሬ ደግሞ ከባለወይኑ ይልቅ ንብ ያስፈልገዋል፤ ሽንኩርት ያለ ንብ ዘር አይሞላም። ችግሩ ጎረቤቱ ትሪፕስ ለተባለው ጥቃቅን ተባይ የሚረጨው መድኃኒት ነው። እዚህም ጥያቄው ያው ነው፤ ማን፣ መቼ፣ ምን ይረጫል? አበባ ሳለ ጠዋት የሚረጭ ጎረቤት ያለው ሰው ቀፎ ቢያስቀምጥ ሬሳ ይለቅማል። ማምሻውን ለመርጨት መስማማት ምንም አያስከፍልም።

ወይንስ? ለወይን ጠጅ ፋብሪካ ተብሎ በሮቢት ወይን ይተከል ብዬ አልመክርም፤ ፋብሪካ የሌለበት የወይን ፍሬ በሦስት ቀን ይበሰብሳል። በየቤተ ክርስቲያኑ ለቅዳሴ የሚጨመቀው ዘቢብ ግን ዓመቱን ሙሉ ፈላጊ አለው። ደረቅ በጋና ፀሐይ ያለው ቆላ ላይ ጥቂት ሐረግ በማንጎ ማሳ ዳር ቢተከል የሚጎዳ ነገር አይታየኝም። በ1997 የወጣው የፌዴራል የገጠር መሬት አዋጅ፣ ምንም በ2016 በሌላ ቢተካ፣ ተዳፋቱ ከ60 በመቶ በላይ የሆነ መሬት ከእርሻና ከልቅ ግጦሽ ነፃ ሆኖ ለዛፍ፣ ለቋሚ ተክልና ለመኖ እንዲውል ደንግጎ ነበር። ከሮቢት በላይ ያለው የገደል ወገብ አብዛኛው እንዲህ ያለ መሬት ነው።

ይህን ሁሉ ስጽፍ ዞኑ ያለበትን ሁኔታ ሳልዘነጋ ነው። አጣዬ በ2013 ዓ.ም. ተቃጥላለች፤ ከነሐሴ 2015 ወዲህም ክልሉ በግጭት ውስጥ ከርሟል። የልማት ሠራተኛ እንደ ልቡ በማይንቀሳቀስበት፣ ወጣቱ በተበተነበት ቀበሌ ስለ በጋ ግጦሽ ስብሰባ መጥራት ቅንጦት ሊመስል ይችላል። ነገር ግን ኅዳር ላይ ከብት ይለቀቃል፤ ይህን የሚያስቆመው ጦርነትም ሰላምም አይደለም። አሥር አባወራ የሚዋሰኑበት አንድ ተዳፋት ላይ፣ በእድራቸው በኩል፣ ከመስቀል በፊት ቁጭ ብለው ማሳቸውን እስከ ጥር ለመዝጋት ቢስማሙና በመካከላቸው መሬት የሌላቸው ሁለት ሦስት ቤቶች የእርከኑን ሣር ቢወስዱ፣ ለዚህ የዞን ፈቃድም የፕሮጀክት ገንዘብም አይጠየቅም። አዋሳኝ ያልሆነው የአሥራ አንደኛው ሰው በሬ ሲገባ ምን ይደረጋል የሚለውን ግን አስቀድመው መነጋገር አለባቸው፤ ብዙው የግጦሽ ስምምነት የሚፈርሰው በዚያ በሬ ነው።